የካስያን ቃጭል

ሂንተርላውን በምትባል የተራራ መንደር አንድ ልጅ የክልሉ ወጣቶች የስኪ፣ የበረዶ ላይ ሸርተቴ፣ ቡድን ውስጥ ከገባ በማግስቱ የደጋፊ ማህበር ይቋቋማል። ልጁን የሚያማክረው የለም። የቡርጊ ክሮል መመረጥ የተሰማ ዕለትም አያቷ ካስያን መጠጥ ቤቱ ወንበር ላይ ቆመው ራሳቸውን ሊቀመንበር አድርገው ሾሙ። ዳቦ ጋጋሪዋ ኤርና ምክትል ሆነች። የመንደሩ የጡሩምባ ጓድ ደግሞ ማንም ሳይጠራው ሙሉ አባል ነኝ አለ። ለሁሉም ቢጫ ቆብ ተሠራ፤ የአልጋ አንሶላ የሚያክል ቢጫ ባነር ተሰፍቶም «ቡርጊ፣ ፍሬን የለም!» ተብሎ ተጻፈበት። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስሟን በዚያ መጠን ተጽፎ ስታይ መጀመሪያ ደስ አላት፣ ቀጥሎ ቆቧን ዓይኗ ድረስ ሳበችው።

ከሁሉም በላይ ግን ቃጭሉ ነበር። መስከረም ላይ ላሞቹ ከተራራው ግጦሽ ሲወርዱ ካስያን በመሪዋ ላም አንገት ላይ የሚያስሩት፣ ከአያታቸው የወረሱት፣ ሕፃን ሊታጠብበት የሚችል ቃጭል ነው። ሌላው ደጋፊ ትንንሽ ቃጭል ይዞ ይንጫጫል። ካስያን ግን ያንን ጉድ በሁለት እጃቸው አንስተው፣ ወገባቸውን እያወዛወዙ ሲደውሉት ከታች ከሸለቆው ውሻ ይመልስላቸዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የተደገሰላት ልጅ ትወድቅ ነበር።

ትወድቅ ነበር ብቻ ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። በታኅሣሥ በመጀመሪያው ውድድር ቁልቁለቱን እንደ ቅቤ እየቆረጠች ወርዳ፣ አሰልጣኟ ገብሃርድ እንኳ «ዛሬስ!» ብሎ ብድግ ሲል፣ መንገዱን ከሚያመለክቱት ዘንጎች ሁለቱን ታቅፋ የመከላከያ መረቡ ውስጥ ገባች። በሁለተኛው ውድድር አንደኛው ስኪዋ ከእግሯ ወልቆ ብቻውን መጨረሻው መስመር ደረሰና ጭብጨባ ተቀበለ። በሦስተኛው አንገቷ ሥር የገባው በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ እራት ደረሰ።

የማህበሩ ሰዎች ከየውድድሩ መልስ አውቶቡሱ ውስጥ ጉባኤ ይቀመጣሉ። ቡርጊ ከኋላ ወንበር ላይ ጉልበቷን በበረዶ ከረጢት አስራ ታዳምጣለች።

«ሰሙ ነው» አለ ጡሩምባ ነፊው። «ስኪዋን የቀቡበት ሰም ለዛሬው በረዶ አይሆንም።»

«ምን ሰም አመጣህ! ፀሐይዋ ዓይኗ ውስጥ ገብታ ነው» አለች ኤርና።

«ዛሬ ፀሐይ መች ወጣች?»

«ባትወጣስ! ልትወጣ ነው ብላ ተጨንቃ ይሆናላ።»

ካስያን ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቁ። ሊቀመንበር ናቸው፤ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። «እኔ የምላችሁ» አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ፣ «ልጅቷ አልሰማችንም። ብትሰማን ኖሮ አትወድቅም ነበር።»

አውቶቡሱ ሙሉ በዚህ ተስማማ። ስለዚህ በቀጣዩ ውድድር ከበሮ ተጨመረ። ቡርጊ ወደቀች። ከዚያ በሚቀጥለው የመንደሩ የእሳት አደጋ ጓድ በእጅ የሚዞር ሳይረኑን ይዞ መጣ። እሷም ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ ወደቀች፤ የቆሙት የሕክምና ሰዎችም ሳይረኑን ሰምተው አምቡላንስ የተጠራ መሰላቸውና ገና ሳትወድቅ ወደ መንገዱ ሮጡ።

በዚያው ቀን ከሌላ ሸለቆ የመጣች ልጅ አንድ በር፣ በሁለት ዘንግ መሀል ያለውን ማለፊያ፣ ስታ ቆመች። ስላሎም የሚባለው፣ ዘንጎቹ ተቀራርበው የሚተከሉበት ውድድር ነበር። በዚህ ውድድር በር የሳተ ሰው ተመልሶ ሽቅብ ወጥቶ በሳተው በር ካለፈ፣ ከኋላው የሚመጣውን እስካላደናቀፈ ድረስ መቀጠል ይፈቀድለታል። ልጅቷ ስኪዋን አግድም አድርጋ አንድ አንድ እርምጃ ስትወጣ ካስያን ቃጭላቸውን አስቀምጠው አዩዋት።

«ይሄ ስኪ ነው ድንች ለቀማ?» አሉ።

የሂንተርላውን ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቡርጊም በፋሻ የታሰረ አውራ ጣቷን እየያዘች አብራ ሳቀች። በሂንተርላውን ልማድ በር የሳተ ሰው ስቷል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ከመንገዱ ይወጣል እንጂ በሰው ፊት ሽቅብ አይንፏቀቅም።

በየካቲት መጨረሻ ገብሃርድ አስጠራት። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ሚስቱን ሲያገባ እንኳ ቄሱ ሁለቴ ጠይቀውት ነው እሺ ያለው ይባላል።

«ፈጣን ነሽ» አላት።

«አመሰግናለሁ።»

«ቆይ፣ አታመስግኚኝ። ክረምቱን ሙሉ አንድም ውድድር አልጨረስሽም። እኔ ለክልሉ ሰዎች ምን ብዬ ላስረዳ? ፈጣን ናት፣ የት እንደምትደርስ ግን አይታወቅም ልበል?»

ቡርጊ የጓንቷን ክር መምዘዝ ጀመረች።

«በመጋቢት የመጨረሻው ስላሎም አለ። እሱን ከጨረስሽ ትቆያለሽ። ካልጨረስሽ ቦታሽን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ። አሸንፊ አላልኩሽም። መጨረሻ ውጪ፤ ብቻ ጨርሺ።»

ክፍሏ ገብታ ትራሱን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ከቡድኑ ከወጣች የአክስቷ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ነው የሚጠብቃት። ሥራው አያስከፋትም ነበር፤ ግን የሁሉም ክፍል መስኮት ወደ ተራራው ነው የሚያየው። ማለዳ ማንም ያልረገጠው ቁልቁለት አናት ላይ ቆማ፣ ዘንጎቹ እስከ ታች ተሰልፈው ሲጠብቋት የሚሰማትን ነገር ሌላ ቦታ አግኝታው አታውቅም። ይህን መልቀቅ አትችልም ነበር።

በዚህ መሀል የክፍል ጓደኛዋ ፊሎሜና ገባች። ሜና ከወዲያኛው ሸለቆ የመጣች የቡድኑ ልጅ ናት፤ ምላሷ ከስኪዋ ይሾላል።

«ለቅሶውን አቁሚና ይሄን እዪ» ብላ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችባት። የቡርጊን አወዳደቅ ሁሉ ከቡድኑ ቪዲዮ ለቅማ አንድ ላይ ሰፍታዋለች።

«አንቺ ሰው አይደለሽም!»

«እዪው አልኩሽ። እዚህ ጋ ስትወድቂ አጠገብሽ ምን አለ?»

«…ባነሩ።»

«እዚህስ?»

«ባነሩ።»

«እዚህ መረቡ ውስጥ በጭንቅላትሽ ስትገቢ?»

ቡርጊ ዓይኗን ጨፈነች። «ባነሩ።»

«እና ቁልቁለቱ ነው የሚጥልሽ? ከባነሩ በላይ እኮ አንቺን የሚደርስብሽ የለም! አያትሽ ናቸው የሚጥሉሽ!»

እውነት ለመናገር ቡርጊ ይህን ከገና ጀምሮ ታውቀው ነበር። ያ ቃጭል ሲደወል ደሟ ይፈላል። የመንደሩ ሰው ሥራውን ትቶ፣ አያቷ በዚያ ዕድሜያቸው ወገባቸውን እየሰበሩ ሲደውሉላት፣ እሷ ተጠንቅቃ መዞሯ ንፉግነት ይመስላታል። ስለዚህ በሩን ትረሳና ቁልቁል ትለቀዋለች።

«ንገሪያቸዋ» አለች ሜና።

«አንቺ ንገሪልኝ።»

«እኔ? እኔማ የሰው ሸለቆ ልጅ ነኝ፤ በዚያ ቃጭል ይፈነክቱኛል።»

ቡርጊ ቅዳሜ ወደ ቤት ስትሄድ ለመናገር ቆርጣ ነበር። ቁርስ ላይ ልትጀምር ስትል ካስያን ቃጭሉን ጭናቸው ላይ አድርገው በኮምጣጤ እየወለወሉት ነው። «እዪው፣ ለመጨረሻው ውድድር ፊትሽን ያሳይሻል» አሏት። ዳቦዋን ዋጠች፤ ቃሏንም አብራ ዋጠች። ቀጥላ መጀመሪያ ለምክትሏ ልንገር ብላ ዳቦ ቤት ሄደች። ቡርጊ አፏን እስክትከፍት እንኳ ሳትጠብቅ ኤርና ክራፕፈን በሚሉት ትኩስ የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ ሞላችላት፣ የተረፈውን ጣፋጭ በከረጢት አስታቅፋ «ወድቀሽ ወድቀሽ ከሳሽ እኮ!» ብላ ሸኘቻት።

ማታ በረት ገባች። ካስያን ዞራን እያለቡ ነበር። ሌሎቹ ላሞች በማሽን ይታለባሉ፤ ዞራ ግን ማሽን አትወድም፣ ስለዚህ አሮጌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ያልቧታል። ቡርጊ በሩን ገፍታ «አባባ!» ስትል እጃቸውን አውለበለቡባት።

«ሽሽሽ! ቀስ በይ። ሲጮኹባት ወተቷን ትይዛለች፣ ባልዲውንም ትራገጠዋለች።»

ቡርጊ ቀስ ብላ ግድግዳው ጋ ቆመች። ወተቱ ባልዲው ውስጥ እየፎጨ ይወርዳል።

«አባባ» አለች በሹክሹክታ።

«እ?»

«እኔም እንደ ዞራ ነኝ።»

«ምንሽ?»

«ሲጮኹብኝ… እራገጣለሁ።»

ወተቱ ቆመ። ካስያን ግንባራቸውን የላሚቷ ጎን ላይ እንዳስደገፉ ቀሩ። ቡርጊ ቢቆጧት ትመርጥ ነበር።

«እኛ ነን የምንጥልሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ… ማለቴ እኔ ነኝ የምወድቀው። ግን ቃጭሉን ስሰማ ራሴን አላውቅም። ደስ ይለኛል እኮ! ደስ እያለኝ ነው የምወድቀው።» ይህን ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ሳይረኑንም?»

«ሳይረኑንስ እውነቱን ልንገርህ፣ ጠላሁት።»

«እኔም አልወደድኩትም» አሉ ካስያን። በርጩማው ላይ ዞረው አዩዋት። «ክረምቱን ሙሉ ታውቂ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ልንገርህ? ባነር አሰፍታችሁ፣ ቆብ አሠርታችሁ…»

«ዞራ እንኳ የመጀመሪያው ቀን ነው የነገረችኝ። በእግሯ» አሉና ቅልጥማቸውን አሹ። ከዚያ ተነስተው በወተት የራሰ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ጭንቅላቷን ዳበሷት። «በቃ። አንድ ድምፅ አትሰሚም። ሊቀመንበሩ ማነው?»

የመጨረሻው ውድድር ዕለት አውቶቡሱ እንደ ወትሮው ሞልቶ መጣ፤ እንደ ወትሮው ያልሆነው ዝምታው ነበር። በካስያን ትእዛዝ ቃጭል ሁሉ ድርቆሽ ተጠቅጥቆበታል። ጡሩምባዎቹ ካልሲ ጎርሰዋል። ሳይረኑ እቤት ቀርቷል። ሰዎቹ ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለው ሆቴል የጋሪ ፈረሶች አጠገብ ወርደው ቦት ጫማቸውን ሲያስሩ ቡርጊ ወደ ተራራው አናት በሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር ላይ ሆና አየቻቸው፤ ቀብር የመጣ ሕዝብ ይመስላሉ።

ተራዋ ደርሶ ለቀቀች። የመጀመሪያዎቹ በሮች እንደ ሁልጊዜው ተከፈቱላት። ስኪዋ በረዶውን ይነክሳል፣ ዘንጎቹ ክንዷ ላይ እየጮኹ ይወድቃሉ። ባነሩ የቆመበት ጥግ ሲቃረብ ሰውነቷ ሳታዘው ተዘጋጀ። ቃጭሉን ጠበቀች። ምንም የለም።

ምንም! ዝምታው ራሱ ያደነቁራል። መጥተው ይሆን? አዝነውብኝ ሄደው ይሆን? አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየች። አሉ። በሁለት ረድፍ፣ ቢጫ ቆባቸውን አድርገው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። ኤርና ላለመጮህ ሙሉ ክራፕፈን አፏ ውስጥ ወትፋ ጉንጯ አብጧል። ቡርጊ ሳቋ መጣ፤ ሳቋ እንደመጣም ግራ ስኪዋ በዘንጉ በተሳሳተው በኩል አለፈ።

አልወደቀችም። ቆመች። የሳተችው በር ከበላይዋ ነው፣ ልክ ባነሩ ፊት ለፊት።

ከመንገዱ መውጣት ቀላል ነበር። አንገትን ቀና፣ ፈገግ፣ ለደጋፊ እጅ ማውለብለብ፤ ክረምቱን ሙሉ የተለማመደችው ነው። ሽቅብ መውጣት ግን በአያቷ ዓይን ሥር፣ በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ ድንች ለቃሚ መሆን ነው። የገብሃርድ ድምፅ ትዝ አላት፤ የአክስቷ ሆቴል መስኮቶችም ትዝ አሏት። እልህ ይሁን ፍርሃት አልለየችውም፣ ብቻ ስኪዋን አግድም አዞረችና መውጣት ጀመረች።

ሆነ ብለው ያቆሙት እስኪመስል ድረስ ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ነበር። አንድ እርምጃ ወጥታ ግማሹን ትንሸራተታለች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ትንፋሿን ሁሉም ሰው ይሰማዋል፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድም ሰው አያስልም። ወደ ካስያን አላየችም፣ ማየት አልደፈረችም። ዘንጉ ጋ ደርሳ ዞረችው፣ የምትቀጥለዋ ልጅ ሳትደርስባት እንደገና ቁልቁል ለቀቀች። የቀሩትን በሮች አንድ በአንድ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው፣ ወርዳ መጨረሻውን መስመር አለፈች።

መጨረሻው መስመር ከታች ሲታይ ምን እንደሚመስል አታውቅም ነበርና ዞር ዞር እያለች ታየው ጀመር። ማንም አልደወለም።

ስላሎም ሁለት ዙር አለው፤ በመጀመሪያው መጨረሻ ስለወጣች በሁለተኛው ዙር ከሁሉም በኋላ ተነሳች። መንገዱ በሌሎቹ ስኪ ታርሶ የድንች እርሻ መስሏል። ባነሩ ጋ ስትደርስ ቀና አላለችም። መኖራቸውን ታውቃለች፤ ያ በቃት። ተንቀጠቀጠች፣ ተንገዳገደች፣ አንዴ በአንድ እግሯ ቀረች፣ ግን ወረደች። ሰሌዳው ላይ ስሟ ከጨረሱት ሁሉ ግርጌ ወጣ። ገብሃርድ መጥቶ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ሰሌዳውን አየ።

«መጨረሻ» አለ።

«መጨረሻ» አለች ቡርጊ።

«በግንቦት ልምምድ ይጀመራል። እንዳታረፍጂ» ብሎ ሄደ። ሜና ከኋላዋ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ቡርጊ ከሜና እጅ ወጥታ ወደ አጥሩ ሮጠች። የሂንተርላውን ሰው በሙሉ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አላጨበጨበም። እንባቸው እየወረደ ዝም ብለው ያዩዋታል። ጡሩምባ ነፊው ካልሲውን ለማውጣት ጫፉን ይዞ፣ ካስያን ላይ አፍጥጦ ፈቃድ ይጠብቃል።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ቡርጊ። «አለቀ እኮ! ጨረስኩ!»

«ሊቀመንበሩ አልፈቀዱም» አለች ኤርና፤ ከንፈሯ ላይ ገና ስኳር አለ።

ካስያን መሀላቸው ቆመዋል። ትልቁን ቃጭል በግራ ክንዳቸው ደረታቸው ላይ ታቅፈው፣ ቀኝ እጃቸውን ከሥሩ ውስጡ ከተውታል። ጓንታቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«አባባ፣ እጅህ ምን ያደርጋል እዚያ?»

ካስያን መልስ ከመስጠታቸው በፊት ኤርና ቀደመች። «ድርቆሹን የሆቴሉ ፈረስ በላባቸው እኮ! ጫማቸውን ሲያስሩ ቃጭሉን መሬት ላይ ቢያስቀምጡት ሙልጭ አድርጎ በላው። ካልሲ እንስጥዎት አልናቸው፣ ‘ካልሲ አላምንም’ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ የቃጭሉን ምላስ እንዳይደውል በባዶ እጃቸው ጨብጠው ነው የቆሙት። ጓንት ለብሰው እጃቸው አይገባም። በሁለቱ ዙር መሀል እንኳ አልለቅም ብለው ሾርባውን እኔ ነኝ በማንኪያ ያጎረስኳቸው።»

«ወሬኛ» አሉ ካስያን። ከዚያ ወደ ቡርጊ ዞሩ። «ስትወጪ አየሁሽ። ያን ጊዜ ሊያመልጠኝ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ከሁሉም ጊዜ አብልጬ ልደውልልሽ የፈለግኩት ያን ጊዜ ነበር።»

«ድንች ለቀማ አላልክም?»

«ሰው ተርቦ ካልለቀመ ምኑን ይበላል?» አሉ ተቆጥተው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ያስቡ እንደነበረ ሁሉ።

ቡርጊ ጓንቷን አውልቃ እጇን ቃጭሉ ውስጥ ሰደደች። የአያቷ ጣቶች ብረቱ ላይ ደርቀው ቀርተዋል። እንጨት ነው የሚመስሉት። አንድ በአንድ በትንፋሿ እያሞቀች አላቀቀቻቸው፤ እጁን አውጥታ ጃኬቷ ውስጥ፣ ብብቷ ሥር ወተፈችው። ካስያን ቀኙ አልታዘዝ ስላላቸው አንደኛውን ጎን በግራቸው ያዙ፣ እሷም ሌላውን ያዘች፣ አያትና የልጅ ልጅ ተጣብቀው እየተንገዳገዱ ያንን ከባድ ቃጭል አነሱት።

ከታች ከሸለቆው አንድ ውሻ መለሰላቸው።